«መቼ ይደርሰናል?» ለሚሉኝ ምን ልመልስ?

ክትባቱን ለሚያከፋፍሉና ስለ ክትባቱ ለሕዝብ ለሚናገሩ የጤና ጽሕፈት ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

በመድኃኒት ቤት የምሠራ የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በማርች 2021 መጀመሪያ ላይ ነው፤ ቀኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስፍሬያለሁ። የኮሮና ክትባት በአንዳንድ አገሮች ሚሊዮኖች ወስደውታል፤ በሌሎች ደግሞ የመጀመሪያው ብልቃጥ ገና አልገባም። እኔ በምቆምበት መስኮት ግን ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «መቼ ይደርሰናል?» የራስ ምታት ክኒን ሊገዛ የመጣው ይጠይቃል። የደም ግፊት መድኃኒቱን በየወሩ የሚወስደው ይጠይቃል። ምንም ሳይገዛ ለመጠየቅ ብቻ ተሰልፎ የሚመጣም አለ። መልሱ ያለው እናንተ ዘንድ ነው፤ ጥያቄው የሚመጣው ግን ወደ እኔ ነው።

ክትባቱን ፈጥናችሁ አምጡ ብዬ ልጨቀጭቃችሁ አልተነሣሁም፤ እሱን ሌላው ሁሉ እያላችሁ ነው። የምለምናችሁ ተስፋውን በልኩ እንድትነግሩን ነው፤ ሳታጋንኑ፣ ሳታሳንሱ፣ የማታውቁትንም ሳትሸፍኑ። ሕዝቡ እውነቱን መሸከም አይችልም ብለው የሚያስቡ ኃላፊዎች ካሉ፣ አንድ ቀን ከእኔ ጋር መስኮቱ ላይ ቢቆሙ ደስ ይለኛል።

ይህ ዓመት ከቢሮ ሲያዩትና ከመስኮት ጀርባ ሲያዩት ልዩነት አለው። በፊቴ ወፍራም ላስቲክ ተወጥሯል፤ ገንዘብና መድኃኒት የምንቀባበልበት ቀዳዳ ከታች ተበጅቶለታል። ደንበኛው በጭምብል ውስጥ የሚለው አልሰማ ሲለኝ ጎንበስ ይልና አፉን ወደዚያው ቀዳዳ ያስጠጋል፤ ይባስ ብሎም በደንብ እንዲሰማለት ጭምብሉን ወደ አገጩ ያወርዳል። የላስቲኩ ጥቅም እዚያ ላይ ያበቃል። ወለሉ ላይ ርቀት ለመጠበቅ የተለጠፈው ቢጫ ምልክት በጫማ ተፍቆ ዳር ዳሩ ብቻ ቀርቷል፤ ሰው ግን ከልማድ የተነሣ አሁንም እዚያው ላይ ይቆማል። ከንፈር እያዩ ይግባቡ የነበሩ መስማት የተሳናቸው ደንበኞች ጭምብል ግዴታ ከሆነ ወዲህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው መምጣት ጀምረዋል። ስለ ወረርሽኙ በሚሰጡት መግለጫዎች ውስጥ እነዚህን ሰዎች ያነሣቸው ሲኖር አልሰማሁም።

ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን ኑሮ መዘርዘር አያስፈልገኝም፤ እናንተም ኖራችሁታል። ዩኔስኮ እንደገለጸው በኤፕሪል 2020 ትምህርት የተቋረጠባቸው ተማሪዎች በመላው ዓለም ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ነበሩ። ቤት ውስጥ አንድ ስልክ ብቻ ካለ ታላቁ ልጅ ሲማርበት ታናሹ ተራ ይጠብቃል፤ እናትየው ሥራ ይዛው ከወጣች ደግሞ ሁለቱም አይማሩም። የታመመ ወላጅን ሳይሰናበቱ የቀበሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በኮሮና መሞታቸው የተመዘገበው ሰዎች ቁጥር ባለፈው ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ 2.5 ሚሊዮን አልፏል። «መቼ ይደርሰናል?» የሚለው ሰው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚጠይቀው፤ ስለዚህ «በቅርቡ» ተብሎ ሲሸኝ ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

አመኔታው ደግሞ ባለፈው ዓመት ብዙ ተሸርሽሯል። ወረርሽኙ ሲጀምር ጤነኛ ሰው ጭምብል ማድረግ አያስፈልገውም ሲባል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ማርች 11 ቀን 2020 ወረርሽኙን ዓለም አቀፍ ብሎ ከሰየመው በኋላም ምክሩ ለወራት እንደዚያው ቆየ። ጁን 5 ቀን ተቀየረ፤ ቫይረሱ በተስፋፋበትና ርቀት መጠበቅ በማይቻልበት ቦታ ሁሉም ሰው ጭምብል ያድርግ ተባለ። በመቀየሩ ቅሬታ የለኝም። ሳይንስ አዲስ ነገር ሲያገኝ ምክሩን ይቀይራል፤ ካልቀየረ ነው መፍራት። ቅሬታዬ ለውጡን ለሰው የማስረዳቱ ሥራ ለእኛ መቅረቱ ነው። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ያን ጊዜ ነው የዋሻችሁን ወይስ አሁን?» ብለው ጠየቁኝ። «ያን ጊዜ ጭምብሉ ለሐኪሞችም አልበቃም ነበር፤ ምልክት የማያሳይ ሰው ምን ያህል እንደሚያስተላልፍም በውል አልታወቀም ነበር» አልኳቸው። «ታዲያ ይህንኑ ለምን ያኔ አልነገሩንም?» አሉኝ። ለዚህኛው መልስ አጣሁ፤ እናንተ ካላችሁ ጻፉልኝ።

በዚያው በጁን 5 ቀን፣ በብሪታንያ ይካሄድ የነበረው ትልቁ የመድኃኒቶች ሙከራ፣ ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን የተባለው የወባ መድኃኒት ሆስፒታል የተኙ የኮሮና ሕሙማንን እንደማይጠቅም አስታወቀ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ግን መድኃኒቱ ከመደርደሪያ ላይ ጠፍቶ ነበር፤ ኮሮናን ይፈውሳል የሚል ወሬ ሰምቶ ለክፉ ቀን የሚያከማቸው በዛ። ሉፐስ የተባለው ሕመም ያለባቸው፣ ይህን መድኃኒት ለዓመታት ሲወስዱ የኖሩ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ማየት በሙያዬ ካየሁት ሁሉ የሚከብድ ነበር። ጁን 16 ቀን ደግሞ ከዚያው ሙከራ ደስ የሚል ዜና መጣ፦ ዴክሳሜታሶን የተባለው የቆየና ርካሽ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዱ ሕሙማንን ሞት በአንድ ሦስተኛ እንደሚቀንስ ተረጋገጠ። ዜናው የተነገረው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሰዎች ቤታቸው ሊያስቀምጡት ሊገዙ መጡ። ይኸው ጥናት መድኃኒቱ ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ሕሙማን እንዳልጠቀመ ጭምር ተናግሯል፤ ያ ዓረፍተ ነገር ግን ከዜናው ጋር እኛ ዘንድ አልደረሰም። ክትባቱም ሲመጣ ደስታው ብቻ ተለይቶ እንዳይመጣ እፈራለሁ።

አሁን ወደ ክትባቱ ልግባ። ኖቬምበር 2020 ላይ ፋይዘርና ባዮንቴክ ክትባታቸው 95 በመቶ ውጤታማ መሆኑን ሲያስታውቁ፣ በማግሥቱ መስኮቴ ላይ የተሰማው ስሌት ይህ ነበር፦ «መቶ ሰው ከተከተበ አምስቱ ይታመማሉ ማለት ነው፤ እኔ ከአምስቱ አንዱ ብሆንስ?» ይህን የሚለው ሰው አላዋቂ አይደለም፤ መቶኛ ሲሰማ ማንም የሚያስበውን ነው ያሰበው። እናንተ ግን ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን ልትነግሩት ይገባ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሙከራው ከ43,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ የጨው ውሃ ብቻ ተወጉ፤ ማን ምን እንደተወጋ ራሱም ሐኪሙም አያውቅም። ከዚያ ሁሉም ወደ ኑሮው ተመለሰ። ከሁለተኛው መርፌ ሰባት ቀን ካለፈ በኋላ በኮሮና የታመሙት ሲቆጠሩ 170 ሆኑ። መዝገቡ ሲከፈት ከእነዚህ 162ቱ የጨው ውሃ የተወጉት፣ 8ቱ ብቻ ክትባቱን ያገኙት ሆነው ተገኙ። 95 በመቶ የመጣው ከዚህ ነው፤ ክትባቱ ባይኖር ሊታመሙ ይችሉ ከነበሩ 20 ሰዎች 19ኙን አድኗል ማለት ነው። ሞደርና በተባለው ሌላ ኩባንያ ክትባት ሙከራም የጨው ውሃ ከተወጉት 185፣ ከተከተቡት 11 ታመዋል። ይህን በወረቀት ጀርባ ጽፌ ያሳየሁት ሰው ሁሉ ገብቶታል። አራተኛ ክፍል ያልጨረሱ እናት ሳይቀሩ «ታዲያ ይህንን ነው የሚሉት!» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ይዘውት ሄደዋል።

ከዚሁ ጋር ሙከራው ያልመለሰውንም ተናገሩ። የተለካው የታመመ ሰው ነው፤ የተከተበ ሰው ሳይታመም ቫይረሱን ወደ ሌላ ያስተላልፍ እንደሆነ በዚያ ሙከራ አልተለካም። መከላከሉ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚዘልቅ ለማወቅ ጊዜው ራሱ ማለፍ አለበት። በደቡብ አፍሪካና በብሪታንያ የታዩት ልውጥ የቫይረሱ ዝርያዎች ምን ያህል እንደሚያስቸግሩ ገና እየተጠና ነው። ሰው ይህን ሰምቶ ክትባቱን የሚሸሽ ይመስላችኋል? እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ሰው የሚሸሸው «ምንም የሚያሰጋ ነገር የለም» ሲባል ነው።

ሁለተኛው የዘወትር ጥያቄ ፍጥነቱ ነው። «ሌላ ክትባት አሥር ዓመት ይፈጃል፤ ይህ እንዴት በአንድ ዓመት ደረሰ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ከዚህ በፊት ፈጣን የሚባለው የጆሮ ደግፍ ክትባት በ1960ዎቹ አራት ዓመት ያህል ወስዷል፤ ለኤችአይቪ ደግሞ እስከ ዛሬ ክትባት አልተገኘም። ስለዚህ ጠያቂውን መቆጣት አይገባም። መልሱ ደግሞ የሚያኮራ ነው፤ ለምን በሙሉ እንደማትነግሩን አይገባኝም። ሥራው የተጀመረው በ2020 አልነበረም። ከ2002 ጀምሮ ሳርስ፣ በ2012 ደግሞ መርስ የተባሉት የዚሁ ቤተሰብ ቫይረሶች ሲነሡ ተመራማሪዎች በቫይረሱ አካል ላይ የትኛውን ክፍል ማጥቃት እንደሚያዋጣ ለይተው ነበር። ተመራማሪዎቹ ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን የፋይዘርና የሞደርና ክትባቶች የተሠሩበትን መልእክተኛ አር ኤን ኤ፣ ማለትም ለሕዋስ ምን እንደሚሠራ የሚነግረውን ሞለኪውል፣ ሰውነት ሳይቆጣ እንዲቀበለው የሚያደርገውን ለውጥ ያሳተሙት በ2005 ነው፤ ያን ጊዜ ልብ ያላቸው ጥቂት ነበሩ። የቫይረሱ የዘር ቅንብር በጃንዋሪ 2020 ለዓለም ይፋ ሲሆን መሣሪያው ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። ማርች 16 ቀን በአሜሪካ የመጀመሪያው ሰው በሙከራ ተወጋ።

ያጠረው ደግሞ የመጠበቂያው ጊዜ ነው። ሌላ ጊዜ አንዱ የሙከራ ደረጃ አልቆ፣ ገንዘብ ተፈልጎ፣ ፈቃድ ተጠብቆ ሌላው ይጀመራል፤ አሁን ደረጃዎቹ ተደራርበው ተካሄዱ። ፋብሪካዎች ክትባቱ መሥራቱ ሳይረጋገጥ ማምረት ጀመሩ፤ ባይሠራ የሚጣል ነበር፤ ኪሳራውን መንግሥታት ተሸከሙ። ከሁሉም በላይ ግን በሽታው እንደ ሰደድ እሳት ስለተስፋፋ የተከተበውን ካልተከተበው ጋር ለማነጻጸር የሚያስፈልገው የሕሙማን ቁጥር በጥቂት ወራት ውስጥ ሞላ። ይህ የመጨረሻው ምክንያት ያሳዝናል፤ ቢሆንም እውነት ነው።

ዘር ይቀይራል የሚለው ወሬም አልፎ አልፎ ይመጣል። የፋይዘርና የሞደርና ክትባቶች የሚይዙት መልእክተኛ አር ኤን ኤ ዘረ መላችን ወዳለበት የሕዋስ እምብርት አይገባም፤ ተነቦ እንደሚቀደድ ማስታወሻ ነው፣ ሥራውን ጨርሶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይበታተናል። መርፌው ውስጥ ቺፕ አለ ለሚሉት ግን ጊዜ አላጠፋም፤ ስልካቸውን ኪሳቸው ውስጥ አድርገው ነው የሚነግሩኝ።

ስለ ጎንዮሽ ጉዳት የምትናገሩበት መንገድ በጣም ያሳስበኛል። በፋይዘር ሙከራ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 55 ዓመት ከሆነ ተከታቢዎች ከሁለተኛው መርፌ በኋላ 59 በመቶው ድካም፣ 52 በመቶው ራስ ምታት ተሰምቷቸዋል። ይህን አስቀድሞ የሰማ ሰው ቤቱ ተኝቶ ያድርና በማግሥቱ ሥራው ይሄዳል። ያልሰማው ግን ሌሊት ሲያተኩሰው «መረዙኝ» ይላል፤ ጎረቤቱም ይሰማዋል፤ የጎረቤቱ ጎረቤትም። ከዚያ በኋላ እናንተ የምታወጡት መግለጫ ወሬውን አይደርስበትም። ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምርላችሁ፦ በዚያው ሙከራ የጨው ውሃ ብቻ ከተወጉት የዚያው የዕድሜ ክልል ሰዎች 24 በመቶው ራስ ምታት አለን ብለዋል። ይህን ቁጥር ለደንበኞቼ ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ስቀው ሲጨርሱ ስለ ሌላው ቁጥር በረጋ መንፈስ ማውራት እንችላለን።

ከባዱንም አትደብቁ። አሜሪካ ውስጥ ከተሰጡት የመጀመሪያዎቹ 1.9 ሚሊዮን ገደማ የፋይዘር ዶዞች ውስጥ 21 ሰዎች ከባድ የአለርጂ ሕመም ገጥሟቸው ነበር። አብዛኞቹ የታመሙት በተወጉ በ15 ደቂቃ ውስጥ ነው። የተከተበ ሰው 15 ደቂቃ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ የሚደረገውም ለዚሁ ነው። ምክንያቱ ሲነገረው ሰው ይቀመጣል። ካልተነገረው ግን ክንዱን እያሻሸ ወደ ታክሲ ይሮጣል፤ ወይም «ለምን አስቀመጡኝ? የሚፈሩት ነገር አለ» ብሎ ይጠራጠራል።

ከሁሉ በላይ ግን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የተራውን ጉዳይ ነው። ቅድሚያ ለጤና ባለሙያዎች፣ ከዚያ ለአረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ላለባቸው መሆኑን አብዛኛው ሰው ይቀበላል። በብሪታንያ ዲሴምበር 8 ቀን 2020 ከሙከራ ውጭ የመጀመሪያዋን የፋይዘር ክትባት የወሰዱት ማርጋሬት ኪናን የ90 ዓመት እናት መሆናቸውን በቴሌቪዥን ያየ ሁሉ ደስ ብሎታል። ጭቅጭቁ የሚነሣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። አስተማሪው ይቅደም ወይስ ሹፌሩ? ቤቷ ተቀምጣ የምትውለው የ60 ዓመት ሴት ትቅደም ወይስ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የሚጋፋው የ30 ዓመት የሱቅ ሠራተኛ? ሞትን ለመቀነስ ከሆነ እሷ፣ ሥርጭትን ለመቀነስ ከሆነ ምናልባት እሱ። ሁለቱም ምርጫ ምክንያት አለው። የቱን እንደመረጣችሁና ለምን እንደመረጣችሁ ክትባቱ ከመድረሱ በፊት ለጥፉት። ከደረሰ በኋላ የሚወጣ ምክንያት ሁሉ ሰበብ ይመስላል።

ተራ መመዝገቢያው በኢንተርኔት ብቻ ከሆነ ደግሞ አረጋውያን ይቅደሙ ማለት ቀልድ ነው። ዘመናዊ ስልክ ያለው የ35 ዓመት ወጣት በሁለት ደቂቃ ተመዝግቦ ሲወጣ፣ ቅድሚያ የተባሉት የ80 ዓመት አዛውንት የልጅ ልጃቸው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። የልጅ ልጅ የሌላቸውስ? በየወሩ መድኃኒት ሊወስዱ የሚመጡትን አረጋውያን እኛ በስምም በሕመምም እናውቃቸዋለን። መዝገቡን ስጡንና በወረቀት እንመዝግብላችሁ፤ ተጨማሪ ክፍያ አንጠይቅም።

አሁን ደግሞ ማንም ስለማይናገርበት ነገር፤ ቀኑ ሲያልቅ ብልቃጡ ውስጥ ስለሚቀረው ክትባት። እነዚህ ክትባቶች ለአንድ ሰው በአንድ ብልቃጥ ታሽገው አይመጡም። የኦክስፎርድና የአስትራዜኔካው ክትባት ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ የአሥር ሰው ነው፤ ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። የፋይዘሩ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሚቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ከቀለጠ በኋላ በጨው ውሃ ይቀጠናል፤ ከተቀጠነ እሱም የስድስት ሰዓት ዕድሜ ነው ያለው። ሥራ ሲጀመር ብልቃጡ የአምስት ሰው ነው ተብሎ ነበር፤ ቀጂዎቹ ግን መጨረሻው ላይ የሚተርፍ አዩ፤ ጫፉ ላይ ፈሳሽ የማያስቀር ሲሪንጅ ከተገኘ ስድስተኛ ሰው ይወጣዋል። በጃንዋሪ ተቆጣጣሪዎቹም ይህንኑ አጸደቁ። አንድ ተራ የሚመስል ሲሪንጅ ከስድስት ሰው አንዱን ይወስናል ማለት ነው። ክትባቱን የምታዝዙ ሁሉ ሲሪንጁንም አብራችሁ እዘዙ።

እንግዲህ አስቡት። ቀኑ እያለቀ ነው፤ የአሥር ሰው ብልቃጥ ተከፍቷል፤ ሦስት ሰው ተወግቶበታል፤ ተራ የያዙት ሌሎች አልመጡም። ሰባት ሰው የሚያድን ክትባት ነርሷ እጅ ላይ ነው፤ ሰዓቱ ይሄዳል። ምን ታድርግ? መመሪያ ካልሰጣችኋት ያላት ምርጫ ሁለት ነው፤ መጣል፣ ወይም ስልክ አንሥታ የምታውቀውን ሰው መጥራት። ሰው ናትና የምታውቀውን ትጠራለች፤ እኔም ብሆን እንደዚያ አደርጋለሁ። በማግሥቱ ግን ከተማው ሁሉ «ክትባቱ ለዘመድ ነው» ይላል። ነርሷ ደግሞ ቅጣት ስትፈራ በሚቀጥለው ቀን መጣሉን ትመርጣለች። ሁለቱንም ማስቀረት ይቻላል፦ በየጤና ጣቢያው በአቅራቢያ የሚኖሩ፣ በዕድሜያቸውም በሕመማቸውም ቀጣይ ተራ ያላቸው፣ በስልክ ሲጠሩ በግማሽ ሰዓት መድረስ የሚችሉ ሰዎች የተጠባባቂ ዝርዝር አስቀድሞ ይዘጋጅ። ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ በቁጥር ይለጠፍ፤ ስም አያስፈልግም። ሁሉም ተደውሎላቸው ካልመጡ ብልቃጡን የያዘችው ባለሙያ ማንኛውንም አላፊ አግዳሚ ጠርታ ብትወጋ ማንም እንደማይጠይቃት በጽሑፍ ስጧት። ቆሻሻ ውስጥ ከሚገባ ክትባት ያለ ተራው የተወጋ መንገደኛ ይሻላል።

ተራው በአገሮች መካከልም ነው፤ ይህኛው ከእናንተም በላይ ነው፤ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም በጃንዋሪ 18 ስብሰባ ላይ እንደተናገሩት፣ በዚያን ጊዜ ቢያንስ 49 ከፍተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ከ39 ሚሊዮን በላይ ዶዝ ሰጥተው ሳለ፣ ከዝቅተኛ ገቢ አገሮች በአንዱ የተሰጠው 25 ነበር። 25 ሚሊዮንም፣ 25 ሺህም እንዳይመስለን ራሳቸው አስረግጠው ተናግረዋል፤ 25 ዶዝ ነው። ኮቫክስ የተባለው የጋራ ማከፋፈያ በ2021 መጨረሻ ሁለት ቢሊዮን ዶዝ ለማድረስ አቅዷል። የመጀመሪያው ጭነት፣ 600,000 ዶዝ፣ ባለፈው ፌብሩዋሪ 24 ጋና ገብቷል። ደስ ይላል። ሆኖም ዕቅድና የደረሰ ጭነት በአንድ ትንፋሽ ሲነገሩ ሰው ዕቅዱን ደረሰ ብሎ ይወስደዋል። በመግለጫችሁ ላይ የታቀደውን፣ የታዘዘውን፣ የደረሰውንና የተወጋውን ለየብቻ አስቀምጡልን። አራት ቁጥር ነው፤ ከዚያ ወዲያ «መቼ ይደርሰናል?» የሚለው ሰው ራሱ ያሰላዋል።

ሐሳብ ስትቀይሩም እንዲሁ። ብሪታንያ ዲሴምበር 30 ላይ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መርፌ መካከል ያለውን ጊዜ እስከ 12 ሳምንት ስታራዝም ምክንያቱን አብራ ተናግራለች፤ ብዙ ሰው አንድ መርፌ ቢያገኝ ጥቂት ሰው ሁለት ከሚያገኝ ይሻላል ብላ። የተቃወሙት ሐኪሞች ነበሩ፤ ክርክሩ ግን በአደባባይ ነበር። እናንተም ብትቀይሩ አይከፋንም። ሳትነግሩን ከቀየራችሁ ነው የሚከፋን።

ሌላ የማነሣው ነገር አጭር ነው። መደበኛው የሕፃናት ክትባት በዚህ ግርግር እንዳይረሳ። በሜይ 2020 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና ጋቪ የተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ጥምረት ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ቢያንስ 80 ሚሊዮን ሕፃናት ክትባት በመስተጓጎሉ ለአደጋ ተጋልጠዋል ብለው ነበር። ኩፍኝ ኮሮና እስኪያልፍ አይጠብቅም። ወረርሽኙን ፈርተው ጤና ጣቢያ መሄድ ላቆሙ እናቶች በግልጽ «ኑ» የሚል ጥሪ አስተላልፉ፤ በእኔ በኩል ክትባት ያመለጠው ሕፃን ይዛ የመጣች ሁሉ ሳልናገር አልሸኛትም።

ከመርፌው በኋላ ስለሚሆነውም ከአሁኑ ተናገሩ። የፋይዘር ክትባት መከላከሉ መታየት የጀመረው ከመጀመሪያው መርፌ 12 ቀን ያህል ቆይቶ ነው፤ በተወጋ በማግሥቱ ጭምብሉን ጥሎ ድግስ የሚሄድ ሰው ተከትቤ ሳለ ታመምኩ ብሎ ክትባቱን ይከሳል። እንደዚህ ያለው አንድ ሰው በሰፈሩ የሚያስቀረውን ተከታቢ ቁጥር ማንም አይመዘግበውም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ በመስኮቴ ላይ የምለጥፈው። ከላይ የታተመበት ቀን ይኑረው። ማን መቼ ተራ እንዳለው፣ ካልታወቀም አለመታወቁን፣ ስንት ዶዝ እንደደረሰ፣ ከተወጉ በኋላ ምን እንደሚሰማና ወዴት እንደሚደወል ይግለጽ፤ ስልኩንም ሰው ያንሣው፣ የተቀዳ ድምፅ አይሁን። በየሳምንቱ አዲስ ላኩልኝ። የተቀየረ ነገር ሲኖር የድሮውን አታጥፉት፤ ከላዩ ላይ አስምሩበትና አዲሱን ከጎኑ ጻፉ፤ ያ ሽማግሌ መጥተው እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ፊደሉን ደግሞ ከፍ አድርጉት። የሚያነቡት ሰዎች አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው፤ መነጽራቸውንም ጭምብላቸው በእንፋሎት ይሸፍነዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፋርማሲ ባለሙያ